ጎጃም ላይ ኤሌክትሪክ መኪና ልትገዙ ነው? ከመኪናው በፊት ቆጣሪያችሁን እዩ

መኪና ልገዛ ነው ስትሉ ሁሉም የሚነግራችሁ ስለ መኪናው ነው። ስክሪኑ ይዞራል፣ ጣሪያው መስታወት ነው፣ አንዴ ቻርጅ ካደረጋችሁት እስከ ፈለጋችሁት ይሄዳል። ደላላውም ሻጩም ወሬያቸው ይኸው ነው። እኔ የምነዳው ባሕር ዳር ነው። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ሆኖ ከእኔ ያነሰ መኪና ይነዳል። ዘመድ ወዳጅ ሲጠይቀን የሁለታችንም መልስ አንድ ሆኗል፦ ጎጃም ውስጥ መኪናውን የሚመርጥላችሁ ግቢያችሁ ነው። መኪናው በሚያድርበት ቦታ ያለው የመብራት መስመር ምን ያህል ይሸከማል? ይቺን ሳትመልሱ ስለ ሞዴል ማውራት ጊዜ ማባከን ነው።

አዲስ አበባ ያለ ሰው ቤቱ ባይመቸው ከተማው ውስጥ ፈጣን ቻርጀር ፈልጎ ይሰለፋል። እኛ ጋ ይህን ተማምኖ መኪና መግዛት አይቻልም። ዛሬ ይሠራል የተባለ ቦታ ነገ መብራት ጠፍቶበት ሊጠብቃችሁ ይችላል። ጣና በለስ 460 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ነው፣ የህዳሴ ግድብም ጳጉሜን 2017 ተመርቋል፣ ሁለቱም ከእኛ ሩቅ አይደሉም። መኪናችሁ የሚያገኘው ግን የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር የሚያቀብለውን ብቻ ነው።

ከ2016 ወዲህ ነዳጅ የሚጠቀም የግል መኪና ከውጭ ማስገባት ስለተከለከለ፣ አዲስ መኪና የሚያስብ ሰው መንገዱ ወደ ኤሌክትሪክ ነው። «ያገለገለ የቤንዚን መኪና አገር ውስጥ ልግዛስ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። ሥራችሁ በየገጠር ወረዳው የሚያዞራችሁ ከሆነ፣ ወይም የምትኖሩት የጋራ ግቢ ውስጥ ሆኖ የራሳችሁን ገመድ መዘርጋት ካልቻላችሁ፣ የቤንዚኑ ለጊዜው ይሻላችኋል። የራሳችሁ ግቢና የራሳችሁ ቆጣሪ ካላችሁ፣ የዕለት መንገዳችሁም ከተማ ውስጥ ከሆነ፣ ኤሌክትሪኩን ግዙ። ማደያ በር ላይ ተሰልፎ መዋሉ ብቻ እንኳ ሲቀር ኑሮ ይለወጣል።

ሌሊት የሚሞላው በምን ይሁን?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ሰው ገንዘቡንም ዕድሜውንም የሚያጣው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው አማራጭ ተንቀሳቃሹ ቻርጀር ነው፤ አንድ ጫፉ ግድግዳ ሶኬት ላይ፣ ሌላው መኪናው ላይ ይሰካል፣ መሐሉ ላይ መብራት የሚያሳይ ሳጥን አለው። 10 አምፒር የሆነው ወደ 2.2 ኪሎዋት ይስባል፣ 16 አምፒር የሆነው ወደ 3.5 ኪሎዋት። 3.5 ኪሎዋት ማለት የእንጀራ ምጣድ በሉት። ልዩነቱ፣ ምጣዱ ተጋግሮበት ይጠፋል፤ መኪናው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ይስባል። ስለዚህ «ምጣዱን ለዓመታት ችሎ የለ፣ መኪናውንም ይችላል» የሚለው ሐሳብ አይሠራም።

ጎረቤቴ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ሶኬቱ ከውጭ ሲታይ ደህና ነው። ጠጋ ስትሉ በአንደኛው ቀዳዳ ዙሪያ ነጩ ፕላስቲክ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቡኒ ሆኗል። ስንፈታው ሽቦውን የሚይዘው ብሎን ላልቷል፣ የሽቦው ልባስም ደርቆ ሲነኩት ይፈረፈራል። ሽቦው ለመብራት አምፖል የሚዘረጋው ቀጭኑ ዓይነት ነበር። እግዜር ይመስገን ቤቱ አልተቃጠለም። መኪና በሰካችሁ በመጀመሪያው ማታ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሂዱና የሶኬቱን ፊትና መሰኪያውን በእጃችሁ ንኩ። ለብ ያለ ከሆነ ምንም አይደለም። እጅ ካስለቀቀ አሁኑኑ ንቀሉት። ዲቫይደር ላይ ደግሞ ፈጽሞ አትሰኩ፤ ወፍራም ነው፣ ኦርጅናል ነው ቢሏችሁም።

ትክክለኛው መንገድ ከብሬከር ሳጥኑ ለመኪናው ብቻ የሚሄድ የራሱ መስመር ማውጣት ነው። ለ16 አምፒር 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ዘርጉ። 2.5 ይበቃል የሚል ባለሙያ አይጠፋም፣ ርቀቱ አጭር ከሆነም ልክ ነው። ግን ቆጣሪው በር ላይ ሆኖ መኪናው ጓሮ ከሆነ ልዩነቱን ሙቀቱ ይነግራችኋል።

ግራውንድ የሚባለውን ነገር፣ ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ፣ አደራ። ብዙ የቆዩ ቤቶቻችን የላቸውም። ቻርጀሩ ሲሰካ ቀይ እያበራ እምቢ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። ያኔ አንድ የሰፈር ኤሌክትሪሻን ይመጣና «ጋሼ፣ ኒውትራሉን ከግራውንዱ ጋር እዚሁ ሶኬቱ ውስጥ ላገናኘው፣ ወዲያው ይሠራል» ይላችኋል። ይሠራልም። ግን አንድ ቀን ኒውትራሉ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ፣ መንገድ ላይ ቢበጠስ የመኪናው አካል ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ በሩን ሊከፍት የሚሄደው ልጃችሁ ነው። እምቢ በሉ። የመዳብ ዘንግ አስቆፍራችሁ መሬት ውስጥ አስቀብሩ፣ ከዚያ ሽቦ ሳቡ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሰው ሲይዝ የሚቆርጠውን ብሬከር፣ 30 ሚሊ አምፒር የሚለውን፣ አብራችሁ አስገቡ።

ሁለተኛው አማራጭ ግድግዳ ላይ የሚታሰረው 32 አምፒር ቻርጀር ነው፤ ወደ 7 ኪሎዋት ይሰጣል። በጣም ደስ ይላል፣ ትልቅ ባትሪም በአንድ ሌሊት ያደርሳል። ነገር ግን 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና 40 አምፒር ብሬከር ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ ቆጣሪያችሁና ከምሰሶው የሚመጣው ገመድ መቻል አለባቸው። ከጎረቤት ጋር በአንድ ቆጣሪ የምትጠቀሙ ከሆነ እርሱት። ከመግዛታችሁ በፊት መብራት ኃይል ሄዳችሁ ቆጣሪያችሁ ስንት አምፒር እንደሚችል ጠይቁ፣ ማሳደግ ካስፈለገም ማመልከቻውን አሁኑኑ አስገቡ፣ መኪናው ከመምጣቱ በፊት።

«ስሪ ፌዝ (ወፍጮ ቤት የሚገባውን ባለ ሦስት ፌዝ መስመር) አስገባለሁ፣ ፈጥኖ ይሞላል» የሚሉ አሉ። ብዙዎቹ እኛ ጋ የሚመጡ የቻይና መኪኖች ውስጣቸው ያለው ቻርጀር ባለ አንድ ፌዝ ነው፣ ከ7 ኪሎዋት በላይ በኤሲ፣ ማለትም ከቤት መስመር በሚመጣው ኤሌክትሪክ፣ አይቀበሉም። ስሪ ፌዝ ጥቅሙ መስመሩ ጠንካራ መሆኑ ነው፤ ፍጥነት አይጨምርም። እና አንድ ነገር፦ ወፍጮ ቤት ወይም ብየዳ ቤት ካለው ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ላይ ሶኬት ስታስወጡ፣ ከአንድ ፌዝና ከኒውትራል መሆኑን በቴስተር አስለኩ። በሁለት ፌዝ መካከል 380 ቮልት ነው ያለው፤ ለ220 የተሠራ ቻርጀር አይተርፍም።

ሰዓቱንም ምረጡ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ገደማ ሰፈሩ ሁሉ ወጥ እየሠራ፣ እንጀራ እየጋገረ ነው። ቮልቴጁ ይወርዳል፣ አምፖሉ ይደክማል፣ ቻርጀሩም ወይ ያዘግማል ወይ ያቆማል። መኪናችሁ ውስጥ የቻርጅ ሰዓት መቅጠሪያ አለ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር አድርጉት። ለጎረቤትም መልካም ነው።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣስ? አንዳንዱ ቻርጀር ራሱ ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ተነቅሎ እስኪሰካ ይጠብቃል። ይህን ሌሊት ላይ ከማወቅ ቀን ላይ ሞክሩት፦ ሰክታችሁ ብሬከሩን አጥፉ፣ ትንሽ ቆይታችሁ አብሩ፣ መኪናው መሙላት ከጀመረ ተገላገላችሁ። ካልጀመረ ሌላ ቻርጀር ግዙ፣ የምሬን ነው። እኛ አገር መብራት ሌሊት ሄዶ የሚመለስ ነገር ስለሆነ ጠዋት ተነስቶ ባዶ ባትሪ ማየት ያናድዳል።

ሦስተኛው ፈጣኑ የዲሲ ቻርጀር ነው፤ በመኪናው ውስጥ ቻርጀር ሳያልፍ ባትሪውን በቀጥታ የሚሞላው። ለረጅም መንገድ ጥሩ፣ ለዕለት ኑሮ ግን አያስፈልጋችሁም። እውነቱን ለመናገር ባሕር ዳር ውስጥ ከቀበሌ 14 እስከ ጢስ ዓባይ መውጫ ብትመላለሱ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ብታደርሱ፣ ገበያ ብትደርሱ፣ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ላይ መድረስ ይከብዳል። ያ ማለት ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪያችሁ የሚቆጥረው መለኪያ) ነው፤ ደካማው 10 አምፒር ቻርጀር እንኳ በሦስት ሰዓት ይመልሰዋል። ብዙ ሰው የማያስፈልገውን 7 ኪሎዋት ፈልጎ ይጨነቃል። መጀመሪያ በ16 አምፒር ጀምሩ፣ ካነሰ ትጨምራላችሁ።

ወጪውን በተመለከተ፣ የቤት ታሪፍ በእርከን መሆኑን አትርሱ፤ ብዙ ስትጠቀሙ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መካከለኛ መኪና ከቆጣሪው ከ160 እስከ 180 ኪሎዋት ሰዓት ያስጨምራል። ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ነው። እንዲያም ሆኖ ከቤንዚን ጋር አይወዳደርም።

ትንሽ ባትሪ ወይስ ትልቅ?

ሰዉ ሁሉ ትልቁን ይፈልጋል። እኔ ለብዙዎቻችሁ የምመክረው መካከለኛውን ነው፣ ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ።

ሦስት መኪና እንውሰድ፣ ሁሉም መንገዳችን ላይ የሚታዩ። ቢዋይዲ ሲጋል ትልቁ ባትሪው 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ነው (30.08 የሆነም አለ፣ ሲገዙ ይጠይቁ፣ ከውጭ ተመሳሳይ ናቸው)። ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ 60.48 ነው፣ የእሱም 49.92 የሆነ ታናሽ አለው። ቮልስዋገን አይዲ ሲክስ ትልቁ 84.8 ነው።

በ16 አምፒር ከባዶ እስከ ሙሉ ሲጋል 12 ሰዓት ገደማ፣ ዩዋን ፕላስ ከ18 እስከ 19 ሰዓት፣ አይዲ ሲክስ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። መብራት ባይጠፋ እንኳ የአይዲ ሲክሱ ባለቤት ከሁለት ሌሊት በላይ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ትልቁን ባትሪ የሚገዛ ሰው 32 አምፒር መስመር ሊኖረው ይገባል። መስመሩ ከሌለው ትልቅ ባትሪ ገዝቶ ግማሹን ብቻ ይዞ ይዞራል።

ደግሞ ትልቅ ባትሪ ራሱ ክብደት ነው። ሲጋል በአስፋልት በ80 ሲነዳ ለ100 ኪሎ ሜትር 11 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፣ ዩዋን ፕላስ 15፣ አይዲ ሲክስ 20 ይደርሳል። ባትሪውን ለፍጆታው አካፍሉት። የአይዲ ሲክስ ባትሪ ከሲጋል ከእጥፍ በላይ ነው፣ መንገዱ ግን እጥፍ አይሆንም።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ርቀት አትመኑ። የቻይናው አለካክ ለስላሳ ነው፤ ከተጻፈው ሩቡን ቀንሱ፣ እግራችሁ ከከበደ ሲሦውን። ሲጋል 405 ይላል፣ እናንተ 300 ያዙ።

እንግዲህ መንገዶቻችን። ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ተሻግራለች፣ መሐል ላይ እንጅባራ ከሁለቱም ትበልጣለች። ስለዚህ መሄጃው ከመመለሻው የበለጠ ይበላል። ወንድሜ በሲጋሉ ከማርቆስ ወደ እኔ ሲመጣ ዘና ብሎ ይደርሳል፣ ሲመለስ ግን ቡሬ ወይ ፍኖተ ሰላም ላይ ምሳ ይበላል፣ እግረ መንገዱንም ይሰካል። በ16 አምፒር ሁለት ሰዓት ቢሰካ 7 ኪሎዋት ሰዓት አገኘ ማለት ነው፤ ለሲጋል 60 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለትልቅ መኪና ያው ሁለት ሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚሰጠው። ትንሹ መኪና በደካማ ሶኬት ቶሎ ይነሳል፣ ይህን ሻጭ አይነግራችሁም።

ሆቴል ስትሰኩ ባለቤቱን ወይም ሥራ አስኪያጁን አስፈቅዱ፣ ለዘበኛው ብቻ ነግራችሁ አትግቡ። ክፍያውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የምትሰኩበትንም ሶኬት እዩት፤ ከፍሪጅ ጀርባ ያለውን ንቀሉ ብላችሁ አታስቸግሩ፣ እዚያ መስመር ላይ ፍሪጁም አለና። ሽቦው በሰው መተላለፊያ እንዳይሄድ።

ዓባይ በረሃ

ሁሉም የሚፈራው ይህን ነው፣ አዲስ አበባ ለመሄድ። ፍርሃቱ ግማሹ ትክክል ነው።

ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአንዱ አፋፍ ድልድዩ ድረስ ከ1,300 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ትወጣላችሁ። ሰው ሞልቶ 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያን ዳገት ለመውጣት ብቻ ከ7 እስከ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል፣ ከመደበኛው መንገድ ፍጆታ በላይ። ግን ስትወርዱ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ ከግማሽ በላዩን ይመልሳል። ስትወርዱ ፐርሰንቱ ሲጨምር ታያላችሁ፣ ስትወጡ ደግሞ ዓይናችሁ እያየ ይወርዳል፣ አትደንግጡ። መጨረሻ ላይ በረሃው ያሳጣችሁ ከ2 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ አፋፉ ላይ 100 ፐርሰንት ሞልታችሁ አትውረዱ። ሙሉ ባትሪ የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ የሚያስገባበት ቦታ የለውም፤ ሞተሩ መያዝ ያቆማል፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ምን እንደሚሆን የከባድ መኪና ሹፌር ጠይቁ። ማርቆስ ላይ ሞልታችሁ ብትነሱ ችግር የለም፣ ደጀን እስክትደርሱ 70 ኪሎ ሜትሩ በቂ ቦታ ይከፍታል። ደጀን ወይም ጎሐ ጽዮን ላይ ካደራችሁ ግን 85 ላይ አቁሙት። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ቁልቁለት ላይ መኪናውን የሚይዝበትን መጠን ከፍተኛ ላይ አድርጉ፤ ቢዋይዲ ላይ ከስክሪኑ ይመረጣል፣ ቮልስዋገን ላይ ማርሹን ቢ ላይ ታደርጋላችሁ።

ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ለሲጋል 33 ኪሎዋት ሰዓት ለመንገዱ፣ ሌላ 2 ወይም 3 ለበረሃው፤ ከ38.88 ላይ 36 ሄደ። ነፋስ ወይም ዝናብ ቢመጣ፣ መንገድ ተዘግቶ ብትመለሱ፣ ምንም የላችሁም። ያለ መሐል ማቆሚያ አትሞክሩት። ዩዋን ፕላስ 48 ገደማ ይጨርሳል፣ 20 ፐርሰንት ይዞ ይገባል። አይዲ ሲክስም ሩብ ገደማ ብቻ ይተርፈዋል። ያን ሁሉ ባትሪ ተሸክሞ ከዩዋን ፕላስ ብዙም አይሻልም! በዓመት ጥቂት ጊዜ አዲስ አበባ ለሚሄድ የጎጃም ሰው መካከለኛው ይበቃዋል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ጭነት የሚጨነቅ አለ፣ ለዘመድ ጤፍ ሳይዙ አዲስ አበባ መግባት አይሆንምና። ሁለት ኩንታል ጤፍ በረሃውን ለማውጣት የሚያስጨምረው ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት በታች ነው። ከ80 ወደ 110 ፍጥነት መጨመር ግን ከጤፉ ብዙ እጥፍ ይበላል። ስለዚህ ጤፉን ጫኑ፣ እግራችሁን አንሱ። መኪናው ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ጤፉን ስትጭኑ ከኋላ ወደ መሬት እንዳይወርድ ተመልከቱ፣ ባትሪው ከሥር ነውና ድንጋይ አይወድም።

እና መንገዱን ሳትጠይቁ አትነሱ። ይህን ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም፣ ግን ለኤሌክትሪክ መኪና ትርጉሙ ይለያል። ተመለሱ ብትባሉ መመለሻ የሚሆን ይኑራችሁ። እኔ ከሩብ በታች ሆኜ ከአንድ ከተማ ወደ ቀጣዩ አልነሳም።

የባትሪው ዓይነት

የቢዋይዲዎቹ ኤል ኤፍ ፒ የሚባለው ነው፣ የአይዲ ሲክስና የአይዲ ፎር ክሮዝ ኤን ኤም ሲ። ለእናንተ ልዩነቱ እንዲህ ነው፦ ኤል ኤፍ ፒው 100 መሞላት አይጎዳውም፣ እንዲያውም በሳምንት አንዴ ሙሉ ካልሆነ ፐርሰንቱን በትክክል ማንበብ ያቅተዋል። 30 ይል የነበረ ድንገት 18 ሊላችሁ ይችላል። ኤን ኤም ሲውን ግን ለዕለት 80 ላይ አቁሙት፣ መንገድ ስትሄዱ ብቻ ሙሉ አድርጉት፣ ሞልቶም ቀናት አይቁም። ሁለቱንም ባዶ አድርጋችሁ አታቁሙ።

መብራት በሚቆራረጥበት አገር ሁልጊዜ ሞልቶ መቆም የሚችል ባትሪ ይመረጣል። ዛሬ አለ፣ ነገ አይታወቅም፣ ስለዚህ ሲኖር ሙሉ። እኔ ኤል ኤፍ ፒ የመረጥኩት በዚህ ነው። ዩዋን ፕላስን ጨምሮ አንዳንድ መኪኖች ደግሞ ኤሌክትሪክ መልሰው ይሰጣሉ፤ መብራት ሲጠፋ ልዩ ገመዱን ሰክታችሁ ፍሪጅና መብራት ታበሩበታላችሁ። ምጣድ ግን አትሞክሩበት። ገመዱ ከመኪናው ጋር መምጣቱን ስትገዙ አረጋግጡ፣ ለብቻው ፍለጋ ያንከራትታል።

መሰኪያውስ?

ለቻይና ገበያ የተሠሩት ጂቢቲ የሚባለው ቀዳዳ አላቸው፣ ለኤክስፖርት የተሠሩት ሲሲኤስ 2። ቤት ውስጥ ለውጥ የለውም፣ ከቻርጀሩ ጋር ከገጠመ በቃ። ችግሩ መንገድ ላይ ነው። አገራችን ውስጥ ብዙው መኪና የቻይናው ስለሆነ ጎረቤት ያለው ቻርጀርም፣ ሆቴል ያለውም በአብዛኛው ጂቢቲ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ጂቢቲ ይቀላል ባይ ነኝ። የኤሲ አስማሚ ቀላል ነገር ነው፣ አንድ ገዝታችሁ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ጣሉ። የዲሲ አስማሚ ግን ውድ ነው፣ ርካሹን ደግሞ አትንኩት፣ ብዙ ኃይል የሚያልፍበት ዕቃ ነው።

አይዲ ሲክስ ቮልስዋገን ለቻይና ብቻ የሠራው ሞዴል ነው። መኪናው ጥሩ ነው፣ ሰባት ሰው ይይዛል፣ ለትልቅ ቤተሰብ እኔም እወደዋለሁ። ግን የአምራቹ ዋስትና አይከተለውም፣ ስክሪኑም ቻይንኛ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ማን እንደሚጠግንላችሁ፣ ባሕር ዳር ነው ወይስ አዲስ አበባ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ስልኩን ያዙ፣ ደውሉም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ክረምት ላይ የቻርጀሩን ሳጥን መሬት ላይ አትተዉት፤ ሚስማር ላይ ስቀሉት። መሰኪያዎቹ ዝናብ ይችላሉ፣ ኩሬ ውስጥ መተኛት ግን ሌላ ነው። ሽቦውን አይጥና ውሻ ይበላዋልና ስትጨርሱ ሰብስቡ።

ልዩነቱ ደስ የሚለው ደጋ ላይ ነው። የቤንዚን መኪና እንጅባራ ላይ አየሩ ሲሳሳ አቅሙ ይቀንሳል፤ ኤሌክትሪኩ አያውቀውም፣ እንደ ባሕር ዳሩ ይነሳል። ጠዋት በጉም ውስጥ ማሞቂያ ስታበሩ ትንሽ ይበላል፣ የመቀመጫ ማሞቂያ ካለው እሱን ተጠቀሙ። ጎማ ግን ከቤንዚኑ ቶሎ ያልቃል፣ መኪናው ከባድ ስለሆነና ሲነሳ ስለሚዘል።

ከአንድ ሳምንት በላይ አገር ለቃችሁ ከሄዳችሁ ትልቁ ባትሪ ችግር የለበትም፣ ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ናት ሞታ በሩን የምትዘጋባችሁ። ቢዋይዲዎቹ ላይ እሷም ሊቲየም ናት፣ ከሰፈር ባትሪ ቤት በተለመደው አትተካም። መኪናውን በየጊዜው የሚያስነሳ ሰው ተዉ፣ የሜካኒካል ቁልፉንም ስጡት።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ፣ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ብቻ አያታልላችሁ። የመመርመሪያ ማሽን ያለው ባለሙያ ይዛችሁ ሂዱና የባትሪውን ጤንነት በፐርሰንት አስነብቡ። ከዚያ መኪናውን ከፍ አስደርጉና ከሥሩ በባትሪ መብራት እዩ፤ የባትሪው ሽፋን ላይ የተሰረጎደ ወይም የተፋቀ ቦታ ካለ፣ ምን ያህል ርካሽ ቢሆን፣ ተዉት። ሻጩ ቤት ባለው ሶኬት ላይ የራሱን ቻርጀር ሰክቶ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሲሞላ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ፣ እምቢ ካለ ግዢውን አቁሙ።